ከማመልከቻው በፊት ለማን እንደምትሠሪ ወስኚ

ልጄ፣

የላክሽልኝን የሦስት ፕሮግራሞች ዝርዝር አነበብኩት። አንዱ የጋዜጠኝነት ማስተርስ ነው። ሁለተኛው የስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽን። ሦስተኛው የሚዲያ ጥናት ይባላል፣ ቲዎሪና ምርምር የሚበዛበት። «ከሦስቱ የቱ ይሻላል?» ነው ጥያቄሽ። በስልክ ብትጠይቂኝ ኖሮ አንዱን ጠርቼልሽ ወደ ሌላ ወሬ እንሄድ ነበር። በጽሑፍ መጠየቅሽ ጥሩ ሆነ። እኔም በጽሑፍ ልመልስልሽ፤ ምክንያቱም ይሄ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ዕድሜ የሚወስድ፣ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ከዚያም በኋላ በየትኛው ወንበር ላይ እንደምትውይ የሚወስን ነገር ነው።

ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል ብዬ አላምንም። የሚያዘጋጁሽ ለሦስት የተለያየ ሥራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ነገር መልሺልኝ። ተመርቀሽ ስትወጪ የምትሠሪው ለማን ነው?

ጋዜጠኛ የሚሠራው ለሚያነበው፣ ለሚሰማው፣ ለሚያየው ሰው ነው። ደመወዙን ሌላ ሰው ሊከፍለው ይችላል፤ ታማኝነቱ ግን ለዚያ ሰው ነው። የኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሚሠራው ለቀጠረው ተቋም ነው። እውነት መናገር ግዴታው ነው፣ ግን የሚናገረው በተቋሙ ስም ነው፣ የተቋሙን ጥቅም ይዞ ነው። ተመራማሪ ደግሞ ሁለቱንም ከውጭ ሆኖ ያጠናቸዋል። የሚጽፉበት ኮምፒውተር አንድ ነው፣ የሚቀርጹበት ካሜራ አንድ ነው፣ አንዳንዴም መምህራቸው አንድ ሰው ነው። ደህና ቀን ከሆነ ልዩነታቸው ብዙም አይታይም። ክፉ ወሬ ሲመጣ ነው የሚለዩት።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) በ1982 ቺካጎ አካባቢ 7 ሰዎች ታይለኖል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወስደው ሞቱ። አንድ ሰው መደብር ውስጥ በነበሩ እንክብሎች ላይ ሳያናይድ ጨምሮባቸው ነበር። አምራቹ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ነገሩን መጀመሪያ የሰማው እንዴት መሰለሽ? የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ጋ ስልክ ተደወለ። የደወለው የቺካጎ ጋዜጠኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ኩባንያው ሰዉ መድኃኒቱን እንዳይወስድ በይፋ አስጠነቀቀ፣ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙስ ከገበያ ሰበሰበ፣ ቆይቶም በቀላሉ እንዳይከፈት ሦስት ጊዜ የታሸገ ዕቃ ይዞ ተመለሰ። ይሄ ታሪክ ዛሬም በቀውስ ጊዜ ኮሙኒኬሽን ኮርስ ላይ ይማሩታል።

ያንን ስልክ አስቢው። በአንዱ ጫፍ «ምን ተፈጠረ? እናንተ መቼ አወቃችሁ? ስንት ጠርሙስ ነው ገበያ ላይ ያለው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አለ። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ገና ምንም የማያውቅ፣ ግን ከደቂቃዎች በኋላ የድርጅቱን አለቆች አሳምኖ ለሕዝብ ትክክለኛ ነገር መናገር ያለበት ሰው አለ። አንቺ የትኛው ጫፍ ላይ ነው መሆን የምትፈልጊው?

አንደኛው የተከበረ ሌላኛው የወረደ ነው እያልኩሽ አይደለም። በዜና ክፍል ያደጉ ሰዎች ሕዝብ ግንኙነትን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ሰምተሽ ይሆናል። እኔ አልስማማም። አለቃው «ዝም እንበል» ሲል «አይሆንም፣ ሰው ይሞታል» ብሎ የሚከራከር የኮሙኒኬሽን ኃላፊ ትልቅ ሥራ ነው የሚሠራው፣ ስሙም በጋዜጣ አይወጣም። የጤና መልእክት የሚያዘጋጅ ባለሙያ በወረርሽኝ ጊዜ የሚመርጠው አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው የሚከተለው ነው። በ2020 ይህንን ሁላችንም አይተናል። ግን ሁለቱ ሥራዎች የተለያየ ጠባይ ይፈልጋሉ። በአንዱ የሚደሰት ሰው በሌላው ሊታመም ይችላል።

ለምን ታዲያ በአንድ ፋኩልቲ ውስጥ ተቀመጡ ብትይ፣ ታሪኩን ባጭሩ ልንገርሽ፣ የፕሮግራም ዝርዝር ስታነቢ ይጠቅምሻል። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የመጣው ከጋዜጦቹ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1908 ትምህርት ቤቱን ሲከፍት፣ ትምህርቱ በተጀመረበት ዕለት ተማሪዎቹ የሚሠሩበት ጋዜጣም መታተም ጀመረ። ዛሬም እዚያ ያለው ዘዴ ይሄው ነው፤ ተማሪው በእውነተኛ ጋዜጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ለእውነተኛ ሕዝብ እየሠራ ይማራል። የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቤት ደግሞ የጋዜጣ ባለቤቱ ጆሴፍ ፑሊትዘር በተናዘዘው 2 ሚሊዮን ዶላር ነው የተቋቋመው። እሱ በ1911 ሞተ፣ ትምህርት ቤቱ በ1912 ተከፈተ። ያኔ ብዙ የጋዜጣ ሰዎች ይቃወሙት ነበር። ጋዜጠኝነት በሥራ ላይ እንጂ በክፍል ውስጥ አይማሩትም ይሉ ነበር። ክርክሩ እስካሁን አልሞተም፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

የኮሙኒኬሽን ጥናት ከሌላ ቤት ነው የመጣው። የፖለቲካ ሳይንስ፣ የሥነ ልቦናና የሶሲዮሎጂ ሰዎች ናቸው የጀመሩት። ጦርነትና ምርጫ ነው ያነሳሳቸው። ሃሮልድ ላስዌል የአንደኛውን የዓለም ጦርነት ፕሮፓጋንዳ ያጠና ሰው ነው፤ በ1948 የጻፈው ጥያቄ ዛሬም የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው፦ ማን፣ ምን፣ በምን መንገድ፣ ለማን፣ ምን ውጤት አስከትሎ ይናገራል። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 የአሜሪካ ምርጫ ወቅት በኦሃዮ ኢሪ ካውንቲ መራጮችን ለወራት እየተከታተሉ ጠየቁ፤ ሬዲዮና ጋዜጣ ሰውን በቀጥታ ይለውጣሉ ከሚለው ግምት ይልቅ፣ ሰው የሚሰማው የሚያምነውን ጎረቤቱን ወይም ባልደረባውን እንደሆነ አገኙ። ከዚያ ዊልበር ሽራም የሚባል ሰው መጣ። በ1947 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን ምርምር ተቋም መሠረተ፤ ጥናቱ ወደ ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች ከገባባቸው መንገዶች ዋናው በእሱ በኩል ነው። ዘመዳሞች ሳይሆኑ በአንድ ጣራ ሥር የገቡት እንዲህ ነው።

ስለዚህ «ጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን» የሚል ስም ያለው ፕሮግራም ስታዪ ስሙ ምንም አይነግርሽም። ውስጡ ሦስቱም ሊኖሩ ይችላሉ፣ አንዱ ብቻ ሊኖር ይችላል፣ ወይም ስሙ ጋዜጠኝነት ሆኖ ኮርሱ ሁሉ ማርኬቲንግ ሊሆን ይችላል። ከስሙ እለፊና የኮርስ ዝርዝሩን ክፈቺ።

ስትከፍቺው መጨረሻውን ነው መጀመሪያ የምታነቢው። የመመረቂያ ሥራው ምንድን ነው? ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ እንድታጠፊ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አንድ ፕሮግራም በድረ ገጹ ላይ ምንም ቢል፣ ማን አድርጎ ሊያስመርቅሽ እንዳሰበ የሚያሳየው በመጨረሻ የሚጠይቅሽ ነገር ነው። ምርመራ ዘገባ ወይም ዶክመንተሪ ሠርተሽ ተመረቂ ካለሽ ጋዜጠኛ ሊያደርግሽ ነው። ለአንድ ድርጅት የኮሙኒኬሽን ዕቅድ አዘጋጅተሽ፣ መልእክቱን ፈትሸሽ፣ ውጤቱን ለክተሽ አቅርቢ ካለሽ ለተቋም ሊያዘጋጅሽ ነው። የጥናት ጥያቄ፣ የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት፣ ዘዴ፣ ትንተና ያለው ተሲስ ካለሽ ደግሞ ወደ ምርምር ነው የሚወስድሽ። ከተግባር ሥራና ከተሲስ አንዱን ምረጪ የሚሉም አሉ፤ እነሱ ደስ ይሉኛል። ወደ ፒ.ኤች.ዲ. የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ተሲሱን ምረጪ፣ ብዙ ቦታ እንደ ማስረጃ ይፈልጉታል።

ሌላው ደግሞ ያለፉ ተማሪዎችን ሥራ አንብቢ። ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ተሲሶችን በቤተ መጻሕፍታቸው ድረ ገጽ ላይ ብዙ ጊዜ ክፍት አድርገው ያስቀምጣሉ። ጥቂቶቹን አውርጂ። መግቢያውን ሳይሆን ዘዴው ላይ ያለውን ምዕራፍ አንብቢ። ሁሉም አንድ ዓይነት መጠይቅ በትነው፣ አንድ ዓይነት ሠንጠረዥ አስገብተው፣ «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ብለው ከጨረሱ፣ አማካሪዎቹ ደክሟቸዋል ማለት ነው። አንዱ የአንድ ጣቢያ የዜና ስብሰባ ውስጥ ተቀምጦ ዜና እንዴት እንደሚመረጥ ያየ ከሆነ፣ ሌላው የፍርድ ቤት ዘገባ ቋንቋ የመረመረ ከሆነ፣ እዚያ የሚያስብ መምህር አለ። ለጋዜጠኝነቱ ፕሮግራምም እንዲሁ አድርጊ፤ የተማሪዎቹ ዘገባ የወጣበትን ገጽ ፈልጊና እንደ ማንኛውም አንባቢ አንብቢው። አሰልቺ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው ወሰደሽ?

ቲዎሪ አልፈልግም እንዳትዪኝ። ባለፈው «በዓመቱ መጨረሻ የምረሳውን ነገር ለምን እማራለሁ» ያልሽው አልተመቸኝም። በ1950 የወጣ አንድ ጥናት አለ። ዴቪድ ማኒንግ ዋይት የሚባል ተመራማሪ በአንዲት የአሜሪካ ከተማ ጋዜጣ ላይ ከዜና ወኪሎች የሚመጣውን የሚመርጥ አንድ አዘጋጅ አገኘ። ለአንድ ሳምንት የጣልከውን ሁሉ አስቀምጥልኝ፣ ለምን እንደጣልከውም ጻፍልኝ አለው። ሰውዬው ከመጣለት ከ10 እጅ 9ኙን ያህል ጥሎታል። አንዳንዱን ቦታ የለም ብሎ። አንዳንዱን ግን የራሱ ስሜት ስላልወደደው ብቻ። እኔ ይህንን ያነበብኩት ዜና መምረጥ ከጀመርኩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ዜና ስጥል ምክንያቴን ለራሴ በቃል እናገራለሁ፤ ምክንያቱ ቦታ ከሆነ እሺ፣ ስሜቴ ከሆነ ግን ለሌላ አዘጋጅ አሳየዋለሁ። ይሄ የቲዎሪ ጥቅም ነው። እጅሽ በልማድ የሚሠራውን ዓይንሽ እንዲያየው ያደርጋል።

ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾውም አሉ። በ1968ቱ የአሜሪካ ምርጫ ጊዜ ቻፕል ሂል በምትባል ከተማ ገና ያልወሰኑ 100 መራጮችን «ዋናው የአገር ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መልሱን ሚዲያው ብዙ ቦታ ከሰጣቸው ጉዳዮች ጋር አስተያዩት። በጣም ተቀራረበ። ጥናቱ በ1972 ወጣ፤ አጀንዳ ሴቲንግ የሚባለው፣ ሚዲያው ደጋግሞ የሚያነሳውን ጉዳይ ሰውም ዋና ጉዳይ አድርጎ ያየዋል የሚለው ሐሳብ ከዚያ ነው። አንድ የኮሙኒኬሽን ባለሙያ ይህን ካላወቀ ሥራው መግለጫ መበተን ብቻ ይሆናል። ጋዜጠኛ ካላወቀ ደግሞ በየቀኑ የሚያስቀድመው ዜና በሰው አእምሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ይኖራል። አንድ ሁለት እንዲህ ያሉ ኮርሶች የሌሉት የጋዜጠኝነት ማስተርስ ሥልጠና ነው እንጂ ማስተርስ አይደለም፣ ለእኔ።

በተግባሩ በኩል የምፈልግልሽን ልንገርሽ። የሚዲያ ሕግ፣ በትርፍ ሰዓት በተጋበዘ ሰው ሳይሆን በደንብ። ሥነ ምግባር፣ ከእውነተኛ ጉዳዮች ጋር። ከቁጥር ጋር መሥራት፤ ይሄኛውን አጥብቄ ነው የምለው። የፓናማ ወረቀቶች የሚባለው፣ ሀብት በውጭ አገር ኩባንያዎች ስም እንዴት እንደሚደበቅ ከሾለኩ ሰነዶች ያወጣው ዘገባ በ2016 ሲወጣ 11.5 ሚሊዮን ሰነድ ነበር፤ ከ370 በላይ ጋዜጠኞች ናቸው ተከፋፍለው የሠሩት። ያንን የሚያነብ ሰው ሰንጠረዥ የሚፈራ ሊሆን አይችልም። በጀት ማንበብ፣ ዳታ ማጽዳት፣ የኩባንያ ሰነድ መፈለግ የሚያስተምር ኮርስ መኖሩን አረጋግጪ። ፎቶና ቪዲዮ የት እና መቼ እንደተነሳ ማጣራትም እንዲሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ሐሰተኛ ምስልና ድምፅ በበዛበት ጊዜ ይህንን የማያስተምር ፕሮግራም ወደ ኋላ ቀርቷል። የስቱዲዮው ስፋትና የካሜራው ብዛት ግን ብዙም አይግረምሽ። ዕቃ ያረጃል። ጽሑፍሽን ቁጭ ብሎ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርምልሽ መምህር አያረጅም።

መምህራኑን እይ። ስማቸውን ብቻ አይደለም፣ በዚህ ዓመት ማን እንደሚያስተምር። ታዋቂው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ንግግር አድርጎ የሚሄድ ሊሆን ይችላል። ክፍሉ ስንት ተማሪ አለው? አንድ ሰው ስንት ተሲስ ያማክራል? ይህንን ለመጠየቅ አትፈሪ፤ ኢሜይል ጻፊላቸው። መልስ የማይሰጥ ዲፓርትመንት ገና ገንዘብሽን ሳይወስድ እንዲህ ከሆነ፣ ከወሰደ በኋላ ምን እንደሚሆን ይታይሽ።

የዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ላክሽልኝ፣ አየሁት። ለእኔ ብዙ አይነግረኝም። ሰንጠረዡ የሚለካው በአብዛኛው ምርምርንና ዩኒቨርሲቲው በምሁራን ዘንድ ያለውን ስም ነው፤ ዘገባሽን ማን እንደሚያርም አይለካም። ለተመራማሪ ይጠቅማል። ለሪፖርተር ብዙም።

ጊዜውን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። የእንግሊዝ ማስተርስ አብዛኛው አንድ ዓመት ነው፣ የተጣደፈ። የኮሎምቢያው የጋዜጠኝነት ማስተርስ (ስሙ «የሳይንስ ማስተርስ» ቢሆንም) በሙሉ ጊዜ ዘጠኝ አሥር ወር ያህል ነው፤ እሱም ሩጫ ነው። በኮንቲኔንታል አውሮፓ ሁለት ዓመት የተለመደ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የሚደገፈው የኤራስመስ ሙንዱስ የጋዜጠኝነት ማስተርስ የመጀመሪያውን ዓመት ዴንማርክ ኦርሁስ አስተምሮ ሁለተኛውን ዓመት ወደ ሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ይልካል። ቦን ውስጥ ያለው የዶይቸ ቬለ አካዳሚ ፕሮግራም ደግሞ ጋዜጠኝነትን፣ ኮሙኒኬሽንን፣ የሚዲያ ልማትንና አስተዳደርን ይቀላቅላል። ሥራ ለምዶ ቶሎ መመለስ የሚፈልግ ሰው አንድ ዓመት ይበቃዋል። ልምምድ፣ ቋንቋና ጥናት ለሚፈልግ ሁለት ዓመት ይሻላል። አንቺ ሁለት ዓመት የምትሸከሚ ይመስለኛል።

አሁን ወደዚያ ወደ አሮጌው ክርክር ልመለስ። ማስተርሱ የግድ ነው ወይ? ጋዜጠኛ ለመሆን የግድ አይደለም። ሰው ስቀጥር መጀመሪያ የምጠይቀው የሠራሽውን አሳዪኝ ነው፤ ዲግሪውን የማየው ከዚያ በኋላ ነው። ይህንን ከእኔ ከእናትሽ ብትሰሚው ይሻላል። ሆኖም ዜና ክፍል የማይሰጥሽ ሦስት ነገር አለ። ጊዜ፣ ጥሩ አራሚ፣ እና አንድን ጉዳይ ጠለቅ አድርጎ የማወቅ ዕድል። ዜና ክፍል ውስጥ ጽሑፍሽ ሲበላሽ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል፣ ለምን እንደተስተካከለ የሚነግርሽ ጊዜ ያለው ሰው ግን ብርቅ ነው። ማስተርሱ ያንን ከሰጠሽ ዋጋ አለው። ካልሰጠሽ ወረቀት ነው። ልምድ ላለው ጋዜጠኛ ሌላም መንገድ አለ፤ ኮሎምቢያ ራሱ ለእነሱ የተለየ፣ «የአርትስ ማስተርስ» የሚባል የጋዜጠኝነት ፕሮግራም አለው፣ በፖለቲካ፣ በቢዝነስ፣ በሳይንስ ወይም በባህልና ጥበብ የሚጠልቁበት። አንዳንዱ ጋዜጠኛ ደግሞ ጋዜጠኝነትን ትቶ ኢኮኖሚክስ ወይም የሕዝብ ጤና ተምሮ ይመለሳል፣ በጣም ጥሩ ሪፖርተርም ይሆናል። ይሄም በዝርዝርሽ ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

ገንዘቡን በግልጽ እናውራ። ብዙ ዕዳ ገብተሽ ጋዜጠኝነት እንድትማሪ አልፈልግም። የጀማሪ ሪፖርተር ደመወዝ ዕዳ ቶሎ አይከፍልም፤ ዕዳ ያለበት ጋዜጠኛ ደግሞ አለቃውን «ይሄ ዘገባ ትክክል አይደለም» ለማለት ይከብደዋል። የመጀመሪያውን ጥያቄዬን ታስታውሻለሽ አይደል፣ ለማን ነው የምትሠሪው ያልኩሽን? ዕዳ ያንን መልስ ሳታውቂው ይለውጥብሻል። ስለዚህ ስኮላርሺፕ ላይ በርቺ። ቺቭኒንግ የሚባለው የእንግሊዝ መንግሥት ስኮላርሺፕ የ2 ዓመት ወይም 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከጨረሽ በኋላም ወደ አገርሽ ተመልሰሽ 2 ዓመት መቆየት አለብሽ፤ ይህንን አስቀድመሽ አስቢበት። የኤራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ከፕሮግራሙ ማመልከቻ ጋር ነው የሚጠየቀው። ጀርመን ውስጥ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመደበኛ ማስተርስ የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፣ የኑሮው ወጪ ግን አለ። የሁሉም የማመልከቻ ጊዜ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ብዙ ወራት ቀድሞ ነው የሚዘጋው። ሰው ዕድሉ የሚያመልጠው እዚህ ላይ ነው።

የኦንላይን ፕሮግራም ስለጠየቅሽኝ፦ ለኮሙኒኬሽን እሺ፣ በተለይ እየሠራሽ ከሆነ፤ ዛሬ የተማርሽውን ነገ ቢሮ ትሞክሪዋለሽ። ለጋዜጠኝነት ግን አልመክርም። ጋዜጠኝነት በር አንኳኩቶ የማያውቁትን ሰው ማናገር ነው፣ ያንን ደግሞ ከጎንሽ ሆኖ የሚያይ ሰው ያስፈልግሻል።

የማመልከቻ ደብዳቤሽን ረቂቅም አየሁት። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሚዲያ ፍቅር አለኝ» የሚለውን አውጪው። እውነት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ፣ ግን ሁሉም አመልካች ይጽፈዋል። በምትኩ አንድ የምር የሚያስጨንቅሽን ጥያቄ ጻፊ። አሁን መግለጫ በምትጽፊበት ቢሮ ውስጥ ስላየሽው ነገር፣ ሪፖርቱ ለለጋሾች ሲላክ አንድ ዓይነት፣ ለሕዝብ ሲወጣ ሌላ ዓይነት ስለሚሆነው፣ እሱን ጻፊ። የትኛውን ኮርስ ለምን እንደምትፈልጊ በስሙ ጥቀሺ። ማን ቢያማክርሽ እንደምትወጂ፣ የእሱን ወይም የእሷን ሥራ አንብበሽ ጻፊ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉልሽን ሰዎች ስማቸው ትልቅ ስለሆነ አትምረጫቸው፤ ሥራሽን የሚያውቁትን ምረጪ፣ ከአሁኑም ንገሪያቸው። በመጨረሻው ሳምንት የተጠየቀ ሰው ሦስት መስመር ነው የሚጽፈው።

አስተያየቴን ጠይቀሽኛልና አልሸሽም። አንቺ ጋዜጠኝነቱን ያዢ። የምልሽ የእኔ ሙያ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ዜና ክፍል ምን ያህል ሌሊት እንደሚወስድ ስለማውቅ ሌላውን ብመርጥልሽ ይቀለኝ ነበር። ግን አይቼሻለሁ። መግለጫውን ጽፈሽ ከላክሽ በኋላ ነው ጥያቄው የሚጀምርሽ። ማታ ትደውይልኛለሽ፣ «እማዬ፣ ቁጥሩ ከባለፈው ዓመት ጋር አይገጥምም፣ ጠየቅኳቸው፣ ተዪው አሉኝ» ትዪኛለሽ። ስለ መግለጫው ተደውሎልኝ አያውቅም፤ ስለ ቁጥሩ ግን ደጋግመሽ ትደውያለሽ። የስትራቴጂክ ኮሙኒኬሽኑ ፕሮግራም ጥሩ ነው፣ ቢሮሽ ውስጥም ቶሎ ዕድገት ያስገኝልሻል፣ ግን ያንን «ተዪው» የሚለውን ቃል ለብዙ ዓመት መስማት ትችያለሽ ወይ? እኔ አትችይም ባይ ነኝ። ሦስተኛውን የሚዲያ ጥናት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ይቆይ። ማስተማር ከፈለግሽ፣ ወይም ጥያቄሽ አንድን ዘገባ ሳይሆን ሚዲያው ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ ከሆነ፣ እሱ ትክክለኛው ነው።

ካልተስማማሽ ንገሪኝ። አባትሽ ለምሳሌ አይስማማም። «ሥራ ያላት ልጅ ለምን ደህና መንገድ ትታ ትሄዳለች» ነው የሚለው፣ እሱም ምክንያት አለው። ደሞዝሽ መደበኛ ነው፣ አለቆችሽ ይወዱሻል። ከእሱ ጋር በደንብ ተነጋገሩበት፤ ለእኔ ብለሽ ወይም ለእሱ ብለሽ አትወስኚ።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ነገር አድርጊልኝ። ከጋዜጠኝነቱ ፕሮግራም ከተመረቁ ሰዎች ሁለቱን ፈልገሽ ጻፊላቸው፤ አንዱ አሁን በጋዜጠኝነት ላይ ያለ፣ ሌላው ጥሎ የወጣ ይሁን፣ የወጣው ነው ብዙ የሚነግርሽ። ዘገባህን ማን ነበር የሚያርምልህ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ የሦስቱንም ሙሉ የኮርስ ዝርዝርና የማመልከቻ መዝጊያ ቀን በአንድ ገጽ ላይ አድርገሽ ላኪልኝ። አዲሱን ረቂቅሽንም አያይዢው፣ በቀይ አርሜ እመልስልሻለሁ።

እናትሽ